መሬትን ወደ ሰው፣ ሰውን ወደ መሬት፦ ግርማሜ ንዋይ ከመተከል ሲነበብ

የግርማሜ ንዋይ ስም ሲነሣ በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው የታኅሣሥ 1953 ግርግር ነው፤ ክብር ዘበኛ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የአልጋ ወራሹ የሬዲዮ ንግግር፣ ከዚያም ተኩስና ስቅላት። ብዙ የተጻፈለትም ያ ሳምንት ነው። እኔ ግን የዚህን ሰው የፖለቲካ ሕይወት ክብደት የማገኘው ከዚያ በፊት፣ የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆኖ መሬት ለሌለው ሰው መሬት ለመስጠት በሞከረበት ጊዜ ነው። ይህ ዳሰሳ ያን ሙከራ የሚመለከተው ከመተከል፣ የዳንጉር ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከማንቡክ ነው። የመሬት ጥያቄ እዚህ በትምህርት ቤት እንደተማርነው የባለርስትና የጭሰኛ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የነባርና የሠፋሪ፣ የሚታረስ ማሳና የሚያርፍ ማሳ ጥያቄም ነው። በዚህ ዐይን ሲታይ የግርማሜ ሥራ ክብሩ ይጨምራል፤ ጉድለቱም ጎልቶ ይወጣል።

ግርማሜ በ1916 ገደማ አዲስ አበባ ተወለደ። ቤተሰቡ የሸዋ መኳንንት ከሆነው ከሞጃ ቤት ይመዘዛል፤ ስለዚህ ሥርዓቱን የተቃወመው ከውጭ ሆኖ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮተቤ ተምሮ ወደ አሜሪካ ተላከ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማስትሬት ዲግሪውን አገኘ። ለማስትሬቱ የጻፈው ስለ ኢትዮጵያ አልነበረም፤ በኬንያ ስለተካሄደው የነጮች ሠፈራ ፖሊሲና ስላስከተለው ውጤት ነበር። ጊዜው የማው ማው ትግል የተፋፋመበት፣ እንግሊዞች በጥቅምት 1945 ኬንያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጁ ብዙም ያልቆየበት ነው። ኢትዮጵያዊው ተማሪ በኒው ዮርክ ተቀምጦ፣ አንድ መንግሥት የራሱን ሰዎች አምጥቶ በሌላው መሬት ላይ ሲያሠፍር የአገሬው ሰው ምን እንደሚደርስበት ያጠና ነበር። ይህን ጥናት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። በኔ አስተያየት ስለ ግርማሜ ከተጻፈው ሁሉ በቂ ትኩረት ያልተሰጠው ይህ ነው።

በ1946 አገሩ ሲመለስ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ውስጥ ገባ፤ ጥቂት ቆይቶም የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ወላይታ በ1887 የምኒልክ ጦር ካዎ ጦናን ድል ካደረገ በኋላ መሬቱ ለመኳንንት፣ ለወታደር፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለባላባት የተከፋፈለ፣ አራሹ ገባር ኋላም ጭሰኛ የሆነበት አገር ነው። ሕዝቡ ከመሬቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ነው፤ የእንሰት ጓሮው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እየጠበበ ይሄዳል። ግርማሜ መንገድ አስጠረገ፣ ትምህርት ቤት አሠራ፤ እዚህ ላይ ከሌሎች ትጉህ ገዥዎች ብዙ አይለይም። የተለየው ያልተያዘ የመንግሥት መሬት እየፈለገ መሬት የሌላቸውን ጭሰኞች ማሥፈር ሲጀምር ነው። ባለርስቶቹ ጭሰኛቸው ሌላ መሄጃ ካገኘ የሚያርስላቸው እንደማይኖር ወዲያው ገባቸው፤ አቤቱታቸውንም ወደ ዙፋኑ አደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ አስጠርተው ሲጠይቁት፣ እንዲያስተዳድረው የተሰጠው ሕዝብ በመሬት እጦት ሲራብ መሬት መስጠት የገዥ ግዴታ መስሎኝ ነው ብሎ መለሰ ይባላል። ከወላይታ ተነሥቶ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ።

ጅጅጋ አርብቶ አደር የበዛበት የሶማሌ አገር ነው። ለወላይታ የተዘጋጀው መድኃኒት እዚያ አይሠራም፤ የሚከፋፈል ማሳ አይደለም የቸገረው፣ ውኃ ነው። ግርማሜ የውኃ ጉድጓድ፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ላይ አተኮረ። የሚበቃ ገንዘብም ድጋፍም ሳያገኝ ቀረ። የታሪክ ጸሐፊዎቹ ሪቻርድ ግሪንፊልድና ክሪስቶፈር ክላፋም የታኅሣሡን ግርግር ሲተርኩ ከእነዚህ ሁለት አውራጃዎች መነሣታቸው ትክክል ነው። በሥርዓቱ ውስጥ ሆኖ ሥርዓቱን ማሻሻል አይቻልም የሚለው እምነት ይህን ሰው የያዘው ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቴም መንገዱ ተዘግቶበታል።

አሁን ወደ ኮሪያ እሻገራለሁ። ተራማጅ የሚባል መሪ በመሬት ጥያቄ ላይ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል፣ ምንስ እንደሚያግዘው ለማየት በዚያው ዘመን ከኖረ ከቾ ቦንግ-አም የተሻለ ማነጻጸሪያ አላገኘሁም። ቾ በጋንግህዋ ደሴት ተወልዶ በ1911 ዓ.ም. ጃፓንን በመቃወም በተነሣው የነጻነት ንቅናቄ ተሳተፈ። በጃፓንና በሞስኮ ተማረ፤ በ1917 የኮሪያ ኮሙኒስት ፓርቲ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። ሻንግሃይ ላይ ተይዞ በጃፓኖች እስር ቤት ዓመታት ካሳለፈ በኋላ፣ አገሩ ነጻ ስትወጣ ከኮሙኒስቶቹ ጋር በይፋ ተለያየ። በ1940 የመጀመሪያው ምክር ቤት አባል ሆነ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ የእርሻ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። ወግ አጥባቂው ሪ የቀድሞ ኮሙኒስትን በዚያ ወንበር ማስቀመጡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰሜን ኮሪያ መሬት ያከፋፈለችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ አዲሱ የደቡቡ ሕገ መንግሥትም የእርሻ መሬት ለገበሬ እንደሚከፋፈል በአንቀጽ 86 ደንግጓል።

ቾ በሚኒስትርነት የቆየው ጥቂት ወራት ነው፤ በየካቲት 1941 ለቀቀ። የመሬት ማሻሻያ ሕጉ ከሱ በኋላ በሰኔ 1941 ወጥቶ በመጋቢት 1942 ተሻሻለ። የመጨረሻው ሕግ የሱ ረቂቅ እንዳለ አይደለም፤ መሠረቱ ግን በሱ መሥሪያ ቤት ተጥሏል። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው መሬት 3 ሄክታር ገደማ ሆኖ ተወሰነ። ከዚያ በላይ ያለውንና ባለቤቱ ራሱ የማያርሰውን መንግሥት እየገዛ ለሚያርሰው ጭሰኛ አስተላለፈ፤ ጭሰኛውም የአንድ ዓመት ምርቱን አንድ ተኩል እጥፍ በአምስት ዓመት እየከፈለ ባለመሬት ሆነ። ሕጉ እየተፈጸመ ሳለ ነው የኮሪያ ጦርነት የፈነዳው።

ወደዚያ ጦርነት እኛም ሄደናል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሣ። ተራ በተራ የዘመቱት ከ6 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከክብር ዘበኛ የተውጣጡ ነበሩ፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት አልተመለሱም፤ በምርኮ የተያዘ ግን አንድም የለም። ስለ ቃኘው ስንጽፍ በጀግንነቱ እንኮራለን፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ወታደሮቻችን የሚዋጉበት ሸለቆ የሚያርሰው ገበሬ ገና ትናንት የመሬት ባለቤት የሆነ ሰው እንደነበር ጽፎ ያየሁት ሰው የለም። ያን ሕግ ያስጀመረው ቾም በዚያው ጊዜ የአገሩ ምክር ቤት ምክትል አፈ ጉባኤ ነበር። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ የወጡት ከጭሰኛ አገር ነው። ሌሎች በነጻነታቸው እንዲኖሩ ደማቸውን አፍስሰው፣ ወላጆቻቸው ከምርታቸው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለርስት ወደሚሰፍሩበት ቀዬ ተመለሱ።

ቾ በግንቦት 1948 ምርጫ ከሪ ጋር ተወዳድሮ ከ2 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አገኘ፤ ከተሰጠው ድምፅ 30 በመቶ ገደማ ነው። በኅዳር 1949 ተራማጅ ፓርቲን መሠረተ፤ ኮሪያ በሰላም እንድትዋሐድም ሰበከ። ያ ስብከት ወንጀል ሆነበት። በጥር 1950 ታሰረ። የመጀመሪያው ችሎት አምስት ዓመት ፈረደበት፤ ይግባኙ ሞት ሆነ። ሐምሌ 24 ቀን 1951 ተሰቀለ። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ተማሪዎች ሪን ከሥልጣን አወረዱት፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ቾ ከሰላይነት ክስ ነጻ መሆኑን ለመናገር እስከ ጥር 2003 ድረስ 52 ዓመት ፈጅቶበታል።

ሁለቱን ሰዎች አንድ ላይ ሳቀርብ አሟሟታቸውን እኩል ለማድረግ አይደለም። ቾ የተገደለው ድምፅ ከመጠየቅ በቀር ያደረገው ነገር ሳይኖር ነው። ግርማሜ ደግሞ ከወንድሙ ከብርጋዴር ጀኔራል መንግሥቱ ንዋይ፣ ከሌተና ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁና ከብርጋዴር ጀኔራል ጽጌ ዲቡ ጋር ሆኖ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ ታኅሣሥ 4 ሌሊት 1953 መንግሥት ለመገልበጥ ተነሣ። ነገሩ ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት ላይ ጥይት ተርከፈከፈ፤ 15 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና ቃኘው ወደ ኮሪያ ሲሸኝ ክብር ዘበኛን ያዝዙ የነበሩት ሜጀር ጀኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ይገኙበታል። መሣሪያ ያልያዙ እስረኞችን መግደል ግድያ ነው። የተማሪው ትውልድ ግርማሜን ሰማዕት ሲያደርገው ይህን ገጽ አጥፎ አለፈው፤ ኋላ ኅዳር 1967 በ60ዎቹ ባለሥልጣናት ላይ የሆነውን ስናስብ፣ ያ ያልተወገዘ ጥይት ለኢትዮጵያ ፖለቲካ ክፉ ትምህርት ትቶ እንደሄደ አምናለሁ። ግርማሜ ታኅሣሥ 15 ቀን ሞጆ አካባቢ ተከቦ ሞተ። መንግሥቱ ቆስሎ ተያዘና መጋቢት 21 ቀን 1953 በአደባባይ ተሰቀለ።

አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በሬዲዮ ያነበቡት ንግግር ስለ ድህነት፣ ስለ ድንቁርና፣ አዲስ ነጻ የወጡ የአፍሪካ አገሮች ወደፊት ሲገሠግሡ ኢትዮጵያ ወደ ኋላ ስለ መቅረቷ ይናገራል። ስለ ጭሰኛ ግን የወላይታው ገዥ ያደረገውን ያህል እንኳ አይናገርም። መሬት እየሰጠ ከሹመቱ የተነሣ ሰው፣ አፈ ሙዙን ይዞ ራሱ አዋጅ ማውጣት ሲችል ስለ መሬት ባለቤትነት ዝም ማለቱ ለኔ ትልቁ ጥያቄ ነው። ፍርሃት አይመስለኝም። ሠራዊቱንና ቤተ ክህነቱን በአንድ ቀን ላለማስደንገጥ የተደረገ ጥንቃቄ ሳይሆን አይቀርም። ጥንቃቄው ግን አላዳነም፤ ምድር ጦርና ቤተ ክህነት እንዲያውም ፊታቸውን አዞሩ፤ በገጠር ያለው ጭሰኛም ሊነሣለት የሚችልበትን ምክንያት አልሰማም። ጥያቄው ስሙን ጠርቶ አደባባይ የወጣው በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሲሰለፉ ነው።

የዚህ ዳሰሳ ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። የኮሪያው ሕግና የወላይታው ሥራ ሁለቱም ተራማጅ ይባላሉ፤ የሚሄዱት ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። የኮሪያው ገበሬ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ትናንት በጭሰኝነት ያርሰው የነበረውን ማሳ ዛሬም ያርሳል፤ የተለወጠው የባለቤትነቱ ወረቀት ብቻ ነው። መሬቱ ወደ ሰው ሄደ። በወላይታ ግን የባለርስቱ ወረቀት አልተነካም፤ የተንቀሳቀሰው ጭሰኛው ነው። ሰው ወደ መሬት ሄደ። ግርማሜ ይህን የመረጠው ሌላውን ስላላወቀ አይደለም። አንድ የአውራጃ ገዥ ርስት መንካት አይችልም፤ በእጁ ያለው የመንግሥት የተባለው መሬት ብቻ ነው። ባለርስቱን ሳይነካ ጭሰኛውን ለመርዳት የሚቻለውን አደረገ፤ ያችንም ታህል አልፈቀዱለትም። ሆኖም ከዚያ በኋላ የመጣው የኢትዮጵያ መንግሥት ሁለቱንም መንገዶች ወረሰ። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ የርስት ወረቀት ተሻረ፣ ጭሰኛው ባለበት ነጻ ወጣ። ከ1977 ድርቅ በኋላ የመጣው ሠፈራ ደግሞ ሁለተኛው ነው። መተከል የቀመሰው ይህን ሁለተኛውን ነው።

መተከል በንጉሡም ሆነ በአብዛኛው የደርግ ዘመን በጎጃም ሥር ነበር። የደጋው ገዥ ይህን ቆላ የሚያስታውሰው ግብር ሲያስገብር፣ ከዚያም በፊት ባሪያ ሲያስፈነግል ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ኦሜድላ ላይ ተሻግረው በዚሁ በዳንጉር፣ በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ወጡ። ዘውዱ የተመለሰበት አገር ነው፤ ዘውዱ ግን ወደዚህ አገር መለስ ብሎ አላየም። የጉሙዝ ገበሬ ማሳውን ለተወሰኑ ዓመታት ማሽላና ዳጉሳ ይዘራበትና አፈሩ ሲደክም ያሳርፈዋል። ያረፈው ማሳ ዱር ይለብሳል። ዱሩ ማር ይቆረጥበታል፣ ይታደንበታል፣ በክፉ ቀን የሚበላ ሥራሥር ይቆፈርበታል። ተራው ሲደርስም እንደገና ይመነጠራል። እያንዳንዱ ድንበር ድንጋይ ካለው ደጋ ለመጣ ሹም ይህ ሁሉ ጠፍ ነው።

ደርግ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከሌላም ቦታ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎችን አምጥቶ በበለስ ሸለቆ፣ በፓዌ ዙሪያ አሠፈረ። የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ፣ የግንባታ ኩባንያው ሳሊኒ ደግሞ ግንባታውን ይዘው የጣና በለስ ፕሮጀክትን ጀመሩ፤ ዱሩ በቡልዶዘር ተጠረገ፣ የጉሙዝ መንደሮች ተገፉ። ሠፋሪው ራሱ በደለኛ አልነበረም። ከረኀብ የተረፈ፣ ብዙ ጊዜም ሳይወድ በግድ የተጫነ፣ የማያውቀው ወባ የፈጀው ሰው ነው። በ1983 ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ትራክተሩ ሄደ፤ ሰዎቹ ቀሩ። ከምባታና ሐዲያ የወላይታ ጎረቤቶች ናቸው። የግርማሜን ዘመን የመሬት ጥበት ሠላሳ ዓመት ያህል ዘግይተው ወደ መተከል ይዘውት የመጡ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ መተከል የተካተተበት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት ለበርታ፣ ለጉሙዝ፣ ለሺናሻ፣ ለማኦና ለኮሞ የባለቤትነት ዕውቅና ሰጠ። ይህ የቆየውን ንቀት የሚሽር ነገር ነበረው፤ ለሠፋሪው ግን ለልጅ ልጁ ጭምር እንግድነትን አወረሰው። የእርሻ ኢንቨስትመንት የተባለው ማዕበል ሲመጣ ሰፋፊ መሬት በኪራይ ተሰጠ፤ አሁንም ሰው የሌለበት መሬት ተብሎ። ከ2011 ጀምሮ በዞኑ የፈሰሰውን ደም ሁሉ በመሬት ብቻ ማስረዳት ስሕተት ነው፤ የታጠቁ ኃይሎችና የሥልጣን ሽኩቻ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አሳውቋል። በእነዚያ ዓመታት ጉሙዙም፣ አማራውም፣ አገዉም፣ ሺናሻውም፣ ኦሮሞውም ቀብሯል፤ ተፈናቅሏል። መሬት የዚህ ሁሉ ብቸኛ ምክንያት ባይሆንም፣ ሳይመለስ የቆየ የይዞታ ጥያቄ ለማንም ቀስቃሽ የተዘጋጀ ማገዶ ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ ወደ ኮሎምቢያው ጥናት ልመለስ። ኬንያ ላይ ግርማሜ በሠፈራው ውስጥ ያየው የአገሬውን ሰው ጉዳት ነው። ወላይታ ላይ ግን ያየው የሠፋሪውን ረኀብ ነው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ሁለቱን ዐይኖች ባንድ ጊዜ የሚገልጥ ፖሊሲ ግን ጽፎ አልተወልንም፤ የሱ ተከታዮች የሆኑት ተራማጆችም አልጻፉትም። በተማሪው ንቅናቄ መጽሔቶች የመሬት ክርክር የባለርስትና የጭሰኛ ክርክር ነው። በፈረቃ የሚያርስና የሚያሳርፍ ሕዝብ በዚያ ክርክር ውስጥ ቦታ አላገኘም። የ1967 አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ 10 ሄክታር ጣሪያ ሲያስቀምጥም የታሰበው ባለ በሬ ገበሬ ነው፤ ዘንድሮ ሁለት ሄክታር አርሶ ሌላውን የሚያሳርፍ የዳንጉር ጉሙዝ ያሳረፈው ማሳ የማን እንደሆነ አዋጁ አይመልስም።

የኋላው ሕግም ከዚህ ብዙ አልራቀም። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 የወል ይዞታን ያውቅ ነበር፤ ወዲያው በአንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት የመሬቱ ባለቤት እንደመሆኑ እንደ አስፈላጊነቱ የወል ይዞታን ወደ ግል ይዞታ ሊለውጥ እንደሚችል ይደነግግ ነበር። ባልተያዘ የመንግሥት መሬት ጭሰኛ ያሠፈረው የአውራጃ ገዥ በዚህ አንቀጽ ቢታጠቅ ኖሮ ከወላይታ ባልተነሣ ነበር። በዚሁ አንቀጽ ግን ማንኛውም ሹም የጉሙዝን ያረፈ ማሳ ለማንም ሊሰጥ ይችል ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 በሌላ ተተክቷል፤ አዲሱም ሕግ በመተከል የሚመዘነው ቀላል በሚመስል ነገር ነው። የወረዳው መሬት አስተዳደር ባለሙያ ማሳ ሲለካ ሜትሩን የሚዘረጋው ዘንድሮ ማሽላ በቆመበት ላይ ብቻ ነው ወይስ ከዓመታት በኋላ በሚመነጠረው ዱር ላይም? የፓዌ ሠፋሪ የልጅ ልጅስ ስሙ በደብተሩ የሚሰፍረው ጎረቤቱ ጉሙዝ በተገኘበትና በተስማማበት ልኬት ነው ወይስ ከላይ በመጣ ሰንጠረዥ?